ውሃ ታሰጣለህ እንዴ?

የአክስቴ ልጅ ድሬዳዋ ነው የሚኖረው፣ ሳቢያን። ጥር ላይ ደወለና «አቦ፣ ጓሮዬ ውስጥ ፑል ላስቆፍር ነው፤ አንተ ፕላኑን ብቻ እየው» አለኝ። እኔ ለገሃር አካባቢ ባለች ትንሽ ቢሮ የሳኒተሪ ዲዛይን እሠራለሁ። ቧንቧ፣ ፍሳሽ፣ ሮቶ፣ ፓምፕ። ዘመድ ሲደውል «ብቻ» የምትለው ቃል አትጠፋም፤ ከሷ ኋላ ደግሞ የሁለት ወር ሥራ አለ።

ፕላኑ በቴሌግራም መጣ። 8 ሜትር በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ በአማካይ 1.4 ሜትር። ዙሪያውን ጥቁር ግራናይት። ዛፍ የለም፣ ዳስ የለም፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ከኢንተርኔት የወረደ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ሥዕሉ ላይ መነጽር ያደረገች ሴት ወንበር ላይ ጋደም ብላ ጭማቂ ትጠጣለች። እሷን ግንቦት ላይ በድሬ ቀትር እዚያ ጥቁር ግራናይት ላይ በባዶ እግሯ ቢያቆሟት፣ ጭማቂውን የምትደፋው እግሯ ላይ ነበር።

ነገሩ የሱ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ግን የገንዳ ነገር ፋሽን ሆኗል። እዚሁ መሃል አዲስ አበባ የአፓርታማ ማስታወቂያ ላይ «ጂም፣ መዋኛ፣ የልጆች መጫወቻ» የሚለው እንደ ሰላምታ ተለምዷል። ቆላ በኩል ጓሮ ያለው ሰው ደግሞ ገንዳ ያለው ገስት ሃውስ ያልማል። ወደ ቢሮ የሚመጣው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ ማስቆፈሩና ማስገንባቱ ስንት ይፈጃል? እኔ ግን ከዚያ መጀመር የለበትም ባይ ነኝ። ጉድጓድ አንዴ ተከፍሎበት ያልቃል። ውሃው ነው ዕድሜ ልክ የሚከፈልበት፤ በተለይ ሙቀት ባለበት አገር።

እስቲ ከመሙላቱ እንነሳ። 8 በ4 በ1.4 ሲባዛ 45 ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ 45,000 ሊትር ማለት ነው። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ዘጠኝ ጊዜ። በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከሆነ 2,250 ጄሪካን። በፈረቃ ውሃ ላደግን ሰዎች ይህ ቁጥር ትንሽ ያማል። የአክስቴን ልጅ ግን አላስደነገጠውም፣ «ቦቴ አስመጣለሁ፣ አንዴ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ መሙላቱ አንዴ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ገንዳው ምንም ባይሰነጠቅ፣ ቧንቧው ምንም ባይንጠባጠብ እንኳ ወደ ሰማይ ያፈሳል።

ይህን በቁጥር ላሳየው ብዬ መጋቢት ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ወሰድኩ። ያቺን ሁላችን ቤት ያለችውን ሰማያዊ ፕላስቲክ። አራት ኪሎ የምከራይበት ቤት ልብስ የምንሰቅልበት ሰገነት አለው፤ እዚያ ሙሉ ውሃ አድርጌ አስቀመጥኳት። ውስጧ የልጅ ማስመሪያ በሽቦ አሰርኩ። በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጥቼ አያለሁ። የመጀመሪያው ቀን 6 ሚሊ ሜትር ወረደ። ሁለተኛውም 6። ሦስተኛው ቀን እርግብ ገብታ ስትታጠብበት አገኘኋትና የዚያን ቀን ሒሳብ ሰረዝኩት፤ ወንፊት ሽቦ ከደንኩበት። አምስተኛው ቀን ስወጣ ሳፋው ባዶ ነው። አከራዬ፣ እትዬ፣ ውሃውን አበባቸው ላይ ደፍተውታል። ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። «ልጄ፣ ሰው ጤፍ ያሰጣል፣ በርበሬ ያሰጣል፤ አንተ ውሃ ታሰጣለህ እንዴ?» አሉኝ።

ከዚህ የተሻለ ትንታኔ እኔ አልጽፍም። ቆላ ላይ ጥላ የሌለው ገንዳ መሥራት ውሃ ማስጣት ነው።

የአክስቴ ልጅም እንደኔው ሳፋ አስቀመጠ። ለሳምንት ለካ። በቀን 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ። እዚህ ጋ አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ሳፋ ትንሽ ስለሆነች ጎኗም ይሞቃል፣ ነፋስም በቀላሉ ያገኛታል፤ ስለዚህ ከትልቅ ውሃ የበለጠ ይተንባታል። ባለሙያዎች ትነት የሚለኩበት ትልቅ የብረት ገበታ አላቸው፤ ከሱ ያገኙትንም ቁጥር ወደ ሐይቅ ወይም ግድብ ሲያዞሩ ብዙ ጊዜ በ0.7 ያባዙታል። የኛም በ0.7 ይባዛ፤ 7 ሚሊ ሜትር። ከዚህ በኋላ ሒሳቡ የልጅ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም በ1 ሜትር ካሬ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት ልክ 1 ሊትር ነው። ገንዳው 32 ሜትር ካሬ ነው። 32 በ7፣ 224 ሊትር። በቀን 11 ጄሪካን! አንድም ሰው ሳይዋኝበት። በወር ወደ 6,700 ሊትር። የአሸዋ ማጣሪያው በሳምንት አንዴ ወደ ኋላ ሲታጠብ ደግሞ ወደ 500 ሊትር ይደፋል። ሲደመር በወር ከ8,500 ሊትር በላይ።

ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «አንተ ሰው፣ ገንዳ ነው ወይስ ግመል?» አለኝ። ግመልማ በሳምንት አንዴ ጠጥቶ ይበቃዋል።

ሌላም አለ። የድሬን ውሃ ያፈላ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ውሃው ከኖራ ድንጋይ መሃል የሚወጣ ነው፣ ከባድ ነው። ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፤ ኖራው እዚያው ይቀራል። የተነነውን በተካህ ቁጥር አዲስ ኖራ ትጨምራለህ። ከጥቂት ወር በኋላ ሴራሚኩ ላይ፣ ልክ ውሃው በሚደርስበት መስመር፣ ነጭ ቀለበት ይወጣል። ከዚያ ቧንቧው ውስጥ፣ ከዚያ ማጣሪያው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ከገንዳው ውሃ እየቀነሱ በአዲስ መተካት ሊኖር ነው። ይህም ሌላ ውሃ ነው።

እንግዲህ ትነትን የሚያበዛው ምንድን ነው? የውሃው ሙቀት፣ የአየሩ ድርቀት፣ ነፋስ። አየሩን መቀየር አንችልም። ነፋሱን በግንብ አጥር ወይም ጥቅጥቅ ባለ ተክል መስበር ይቻላል፤ ርካሽ ነው፣ ሰው ግን አይሠራውም፣ ምክንያቱም ፎቶ ላይ አያምርም። መሸፈኛም አለ። መሸፈኛ ለትነት ፍቱን ነው፤ ግን ቆላ ላይ ችግር አለበት። እንስራ አስቡ። ላቡን ስለሚያወጣ አይደል ውስጡ የሚቀዘቅዘው? ገንዳም እንደዚያው ነው፤ ትነቱ ነው የሚያቀዘቅዘው። በቀን ብርሃን በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ግጥም አድርገህ ብትከድነው ውሃ ቆጥበህ ለብ ያለ ሻይ ትዋኛለህ። ስለዚህ ቆላ ላይ የሚያስፈልገው ብርሃን የማያሳልፍና ፈካ ያለ ቀለም ያለው መሸፈኛ ነው። ከሱ በፊት ደግሞ ጥላ። ጥላ ሁለቱንም ይፈታል፤ ውሃው መጀመሪያውኑ ስለማይግል ብዙ አይተንም፣ ቀዝቀዝም ይላል።

ጥላ ስል ግን በየት በኩል? የወረዱት ፕላኖች ሁሉ የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። አውሮፓ ላይ ፀሐይ በቀትር ሁሌም በደቡብ በኩል ናት፤ ሰው ፕላኑን የሚያዞረው በዚያ ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ነን፣ አዲስ አበባም ድሬም። ፀሐይ ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ በቀትር አናታችን ላይ ትቆማለች፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ታልፋለች፣ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ተመልሳ እንደገና አናታችን ላይ ትደርሳለች። ድሬ የሚነደው ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ነው፤ ያኔ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ያውም በጣም ቀጥ ብላ። ሰኔ ላይ በቀትር 3 ሜትር ግንብ የሚጥለው ጥላ አንድ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ በጎን የሚሠራ ግንብ በቀትር ዋጋ የለውም። ከላይ ነው መከደን ያለበት፤ ሸራ፣ ዳስ፣ የቀርከሃ ርብራብ፣ የተገኘው። ከሰዓት በኋላ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ከምዕራብ የምትመጣውን ለመከለል በዚያ በኩል ረጅም ተክል ወይም ግንብ። በነገራችን ላይ ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ማን እንደሚዋኝ እኔ አላውቅም፤ ያ የበርጫ ሰዓት ነው። ገንዳው እውነት የሚፈለገው ከ11 ሰዓት በኋላ እስከ ማታ ነው። ይህ ራሱ ጥሩ ዜና ነው፣ ቀን ቀን ተከድኖ ይውላል።

ዛፍ ቢሆንስ? የአክስቴ ልጅ ጓሮ ውስጥ ትልቅ ኒም አለች። እሱ ሊቆርጣት ነበር። ኧረ ተው አልኩት። ግን ገንዳውን ሥሯ ማስቀመጥም ልክ አይደለም፤ ቅጠሏ ማጣሪያውን ይደፍነዋል፣ ሥሯ ደግሞ ግንቡን ይፈልጋል። ሥር ግንብ ላይ ምን እንደሚሠራ ለማየት ጎንደር የአፄ ፋሲል መዋኛ የሚባለውን ማየት ይበቃል። የዛፎቹ ሥሮች ድንጋዩን እንደ ጣት ጨምድደው ይዘውታል። ለቱሪስት ያምራል፣ ለባለቤት ግን ራስ ምታት ነው። ያ መዋኛ ሌላም የሚያስተምረው አለ። 17ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሠራ ነው፣ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበ ነው፣ ውሃው የሚገባው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ነው፣ የሚሞላውም ለጥምቀት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ አይቀመጥም። የውሃው ምንጭ ታውቆ፣ በሚፈለግበት ጊዜ ብቻ የሚሞላ ገንዳ። እኛ 24 ሰዓት ከዓመት ዓመት ሰማያዊ ሆኖ እንዲያበራ እንፈልጋለን።

«እናንተ ጋስ? አዲስ አበባ ይሻላል አይደል?» ብሎኝ ነበር። የተሻለ ነገር የለም፣ ችግሩ ተገለበጠ እንጂ። እዚህ ፀሐይዋ ታታልላለች። ቀትር ላይ ስለምታቃጥል ሰው ገንዳ ያምረዋል። ግን 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ያልሞቀ የገንዳ ውሃ ብዙውን ጊዜ 20 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው የሚውለው። ለዋና ደስ የሚለው ደግሞ 26፣ 27 ዲግሪ ነው። 1 ሜትር ኩብ ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ያን 45 ሜትር ኩብ ከ19 ወደ 27 ለማድረስ ወደ 420 ኪሎዋት ሰዓት። ይህ አንዴ ለማሞቅ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ የሚተን ሊትር ወደ 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በኔ ሳፋ ሒሳብ፣ 6 ሚሊ ሜትር በ0.7 ተባዝቶ፣ ለዚያው 32 ሜትር ካሬ ቢታሰብ በቀን 90 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በእንፋሎት ይጠፋል። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር እየወጣ የሚሄድ ነው። እዚህ መሸፈኛ የግድ ነው፤ ሙቀቱን የሚያስገባው፣ የሚያስተላልፈው ዓይነት፣ ለድሬ የከለከልኩት።

ከተማዋ ራሷ ከሙቅ ውሃ የተወለደች መሆኗ ግን ያስቀኛል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩት ለፍል ውሃው ብለው ነው። ሂልተን ግቢ ያለው፣ እንደ ላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ በመስቀል ቅርጽ የተሠራው ገንዳም የሚሞቀው ከዚያው ከመሬት ሆድ በሚወጣ ፍል ውሃ ነው። ሶደሬም እንደዚያ። ፍል ውሃ ላይ ያልተቀመጠ ሰው ግን በቆጣሪ ነው የሚያሞቀው። የአፓርታማ ማስታወቂያ አይታችሁ የምትገዙ ሰዎች አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ ገንዳው በምን ይሞቃል፣ ውሃው ሲጠፋ ከየት ይመጣል፣ ወጪው በወር የጋራ ክፍያ ውስጥ ነው ወይ? አንድ አልኳችሁ፣ ሦስት ሆነ።

ክሎሪን ላይ አጠር ላድርግ። ሰው በረኪና ደፍቶበት ጨረስኩ ይላል። ጠንካራ ፀሐይ ላይ ያልተጠበቀ ክሎሪን በጥቂት ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። ጠዋት የደፋኸው ምሳ ሰዓት ላይ የለም። ሳያኑሪክ አሲድ የሚባል ማረጋጊያ አለ፣ በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ሲሆን ክሎሪኑን ከፀሐይ ይጠብቀዋል። ግን እሱም እንደ ኖራው አይተንም፤ ከበዛ ክሎሪኑን ያሰንፈዋል። ነፃ ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒ ኤች፣ ማለትም የውሃው አሲዳማነት መለኪያ፣ ከ7.2 እስከ 7.8። መለኪያው ርካሽ ነው፣ ግዙ። ውሃው በሞቀ ቁጥር ክሎሪኑ ቶሎ ያልቃል፣ አልጌውም ይደሰታል፤ ቆላ ላይ መብራት ጠፍቶ ፓምፕ ለሁለት ቀን ቢቆም ውሃው ጎመን ሊመስል ይችላል። ጥላ እዚህም ይጠቅማል። በረኪናና አሲድ አንድ ላይ እንዳይነኩ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

መሬቱስ? አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ፎርማኖች «ብላክ ኮተን» የሚሉት ጥቁር አፈር ያለበት ቦታ ብዙ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እዚያ ላይ እንዲሁ ቆፍሮ አርማታ ማፍሰስ ገንዳውን በየዓመቱ ማስጨነቅ ነው፤ አፈሩ ወጥቶ በተመረጠ ሙሊት ይተካ። ከሁሉ የገረመኝን ስህተት ግን ከዓመታት በፊት ከተማ ዳር አንድ ግቢ ውስጥ አየሁት። ባለቤቱ ክረምት ላይ ማንም አይዋኝም ብሎ፣ ላጽዳው ብሎ፣ ገንዳውን ሙሉ በሙሉ አስለቀቀው። መሬቱ በዝናብ ጠግቦ ነበር። ባዶ ገንዳ በውሃ በጠገበ መሬት ውስጥ እንደ ታንኳ ነው። ከታች ተገፍቶ አንዱ ጫፉ አንድ ክንድ ያህል ተነሳ፣ ቧንቧዎቹ ተቆረጡ፣ ሴራሚኩ እንደ ቆሎ ረገፈ። ሰውዬው አጠገቡ ቆሞ «ማን ነካው?» ይላል። ማንም። በክረምት ገንዳ ባዶ አይደረግም፤ ወለሉ ላይም ከታች የሚገፋውን ውሃ የሚያስገባ ቫልቭ ይደረጋል።

ድሬ ላይ መሬቱ አሸዋማ ነው፣ የሚያሳስበው ጎርፍ ነው። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ የረሳ የለም። ጓሮው ከወንዙ ሩቅ ቢሆንም የግቢው ዝናብ ወደ ገንዳው እንዳይፈስ ጠርዙ ከመሬት 20 ሳንቲም ከፍ ይበል፣ ዙሪያው ተዳፋት ሆኖ ወደ ውጭ ይውሰድ።

ልጆች ላይ ግን አልደራደርም ብዬዋለሁ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት፣ የጎረቤት ልጆችም ግቢው ውስጥ ነው የሚውሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ ሩቡ ገደማ ከ5 ዓመት በታች ነው። ልጅ ሲሰጥም ደግሞ አይጮህም፣ አይንቦጫረቅም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በአራቱም ጎን ቢያንስ 1.2 ሜትር አጥር፣ ልጅ የማይወጣጣበት፣ ራሱ የሚዘጋ በር ያለው። እሱ «ሠራተኛዋ ታያቸዋለች» አለ። ሠራተኛዋ ምጣድ ላይ እንጀራ አላት። አጥሩ ፕላኑ ላይ ካልገባ እኔ የለሁበትም አልኩት። አክስቴም ስልኩን ተቀብለው «እሱ እንዳለህ አድርግ» አሉት፤ በዚያው አለቀ።

አሁን ፕላኑ ተቀይሯል። 8 በ4 የነበረው 6 በ3 ሆኗል፣ ጥልቀቱ 1.3። ዘልሎ የሚጠልቅ ስለሌለ ከዚህ በላይ ለማን ነው? ውሃው ከ45,000 ሊትር ወደ 23,400 ወረደ፣ ዕለታዊ ትነቱ ከ11 ጄሪካን ወደ 6። ከላይ ሸራ፣ በምዕራብ በኩል ግንብ፣ ጥቁሩ ግራናይት ቀርቶ ፈካ ያለ የማያንሸራትት ድንጋይ። ፓምፑ ትንሽ ነው፣ የሚሠራው ቀን ላይ፣ ፀሐይና አልጌ ሥራ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት። የገስት ሃውሱ ጣራ ውሃ በአሸንዳ ወደ ሁለት ሮቶ ይገባል፤ ዝናብ ሲኖር የተነነውን የሚተካው እሱ ነው። ኒሟ አለች። ገንዳው ከሷ 6 ሜትር ራቀ።

ባለፈው ሳምንት ጓሮው ላይ በኖራ የተሰመረውን ፎቶ ላከልኝ። መሃሉ ላይ ሳፋው ተቀምጧል፣ ማስመሪያውም እንዳለ ነው። እስከ ግንቦት መጨረሻ ሳትቆፍር በየቀኑ ለካ ብዬዋለሁ። 12 ሚሊ ሜትር ካለኝ ፕላኑ እንደገና ይከፈታል።